ደብተሬ ላይ የቀሩ ስሞች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ ከሚያዞር ልጅ እየገዛሁ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ኮሮና አገራችንን በቀላሉ እንዳለፋት ጽፈዋል። ሕዝባችን ወጣት ነው፣ ቤታችን አየር ያስገባል፣ ፈጣሪም ጠብቆናል ይላሉ። በአገር ደረጃ የተመዘገበው ሟች ከ7,500 ትንሽ ከፍ የሚል መሆኑንም ጠቅሰዋል። ቁጥሩ ልክ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ይህ ትንሽ ነው ማለታቸውም ይገባኛል። ጸሐፊው ቅን ሰው ይመስሉኛል። እኔ ካለሁበት ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ ለሚያየው ግን ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ድራጊስት ነኝ። አራዳ አካባቢ ትንሽ መድኃኒት ቤት አለችኝ። ከከፈትኳት 22 ዓመት ሊሆናት ነው። ስከፍታት ጀምሮ የምይዘው አንድ ደብተር አለኝ። መጀመሪያ የዱቤ ደብተር ነበር። ኋላ ላይ በየወሩ እየመጡ የግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ደንበኞቼን መመዝገቢያ ሆነ። ስም፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የመጡበት ቀን፣ አንዳንዴም የልጃቸው ስልክ ይጻፍበታል። መድኃኒቱ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ማንን ቀድሜ ማሰብ እንዳለብኝ የሚነግረኝ እሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ 41 ስም ነበረበት። ሚያዝያ ላይ የመጡት 17 ናቸው። ይህ የእኔ ደብተር ነው እንጂ ጥናት አይደለም። ግን ስለ እነዚያ 24 ሰዎች ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ወደ ኋላ ልመለስ። የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ የተባለው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያው ሳምንት ሱቄ ውስጥ አልኮልና ማስክ አለቀ። አከፋፋይ ጋ ስደውል በማግስቱ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ እንደ ወርቅ ተወደዱ። በመጋቢት አጋማሽ ላይ መንግሥት ራሱ ከአገር በቀል ዕውቀት መድኃኒት እየተመረመረ ነው፣ የመጀመሪያውን ደረጃ አልፏል ብሎ ሲናገር ደግሞ ሰው ሁሉ የየራሱ ሐኪም ሆነ። ፌጦን አልንቅም፤ እናቴም ሆዴን ሲያመኝ የምትሰጠኝ እሱን ነው። ግን አንድ የስኳር ደንበኛዬ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር አዋሕደው ጠዋትና ማታ ሲበሉ ከርመው፣ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ዓይናቸው ብዥ እያለ ነው የመጡት። ማሩን ማንም አልጠረጠረውም።

እጃችሁን በሳሙና 20 ሰከንድ ታጠቡ ተባልን። ጥሩ ምክር ነው። ጎንደር የሚኖር ሰው ግን ውሃ እንዴት እንደሚመጣ ያውቃል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማው ሁልጊዜ ተጠማ። ቧንቧ በሳምንት፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት ሌሊት ላይ ነው የሚያንጠባጥበው። በራፌ ላይ ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጬ ነበር። አንዲት እናት ልጇን እጁን እያስታጠበች፣ የታጠበበትን ውሃ ከሥር በሳህን ስትቀበለው አይቻለሁ። «ለእግሩ ይሆነዋል» አለችኝ። ያኔ በቴሌቪዥን የሚነገረው ምክርና የእኛ ኑሮ ምን ያህል እንደሚራራቁ ገባኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ።

በረንዳዬ ላይ ልብስ የሚሰፉ አዛውንት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የሲንጀር መኪናቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ኑሯቸው የተማሪ ዩኒፎርም ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራቸውም አብሮ ተዘጋ። ሰውዬው ግን ቁጭ ብሎ ማዘን አይሆንላቸውም። በሳምንቱ የተረፋቸውን ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ እየቆረጡ ማስክ መስፋት ጀመሩ። ድርብ አድርገው፣ ለጆሮ ላስቲክ አበጅተው፣ አፍንጫ ላይ እጥፋት ሠርተውለት። ገንዘብ ለሌለው በነፃ ይሰጣሉ። የአራዳ ልጆች ግማሹ የጋሼን ማስክ ነበር ያደረገው።

ጋሼ የግፊት በሽተኛ ናቸው። አምሎዲፒን ይወስዳሉ። በየወሩ ክትትል አላቸው፤ እዚያ ይለካሉ፣ ወረቀት ይጻፍላቸዋል፣ ከዚያ እኔ ጋ ይመጣሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላጎደሉም። መጋቢት ላይ ለቀጠሯቸው ሲሄዱ በር ላይ ያለው ጥበቃ «አሁን ድንገተኛ ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ይመለሱ» አላቸው። ተመለሱ። በአሮጌው ወረቀት የአንድ ወር ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ወር «ጋሼ፣ ኧረ ይሂዱና ይለኩ» ስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ ለግፊት ብዬ ኮሮና ልሸምት?» አሉኝ።

ይህን የሚሉት ከሜዳ ተነስተው አልነበረም። በየቀኑ በራዲዮም በቴሌቪዥንም ሲነገራቸው የነበረ ነገር ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ሕመም ያለባችሁ በሽታው ይጠናባችኋልና ከቤት አትውጡ ይባላል። እውነት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ላይ ኮሮና ይብሳል። ግን የዓረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ግማሽ አልተነገረም። ከቤት አትውጡ፣ መድኃኒታችሁንና ክትትላችሁን ግን እንዳታቋርጡ መባል ነበረበት። ያ ግማሽ ቀረ። ከሞት ሊያድናቸው የታሰበው ምክር ከመድኃኒታቸው ለያያቸው።

ግንቦት ላይ ጋሼ አልመጡም። ሰኔም እንዲሁ። በረንዳው ላይ ግን በየቀኑ አሉ፤ መኪናዋን ይረግጣሉ፣ ሰላምታ እንሰጣጣለን። ክኒኑን ጨርሰው ዝም እንዳሉ አላወቅኩም። ደብተሬን ገልጬ ባየው ኖሮ አውቅ ነበር። ማስክና አልኮል የሚጠይቀኝ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ደብተሩን የምገልጥበት ጊዜ አጣሁ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ልጃቸው እየሮጠ መጣ። «እትዬ ይምጡልን፣ አባባ መናገር አቃታቸው» አለኝ። የግፊት መለኪያዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝተዋል። ቀኝ እጃቸው እንደ ዕቃ ወድቋል። ሴት ልጃቸው፣ ሐኪም ሳይመጣ ማስክ ማድረግ አለባቸው ብላ፣ የራሳቸውን ሰማያዊ ማስክ አድርጋላቸዋለች። ማስኩን ዝቅ ሳደርገው አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ስለካቸው 220 በ130 ነበር። አምቡላንስ ስንደውል የመጀመሪያው ጥያቄ «ትኩሳት አላቸው? ሳል አላቸው?» ነው። የላቸውም አልን። ጎረቤቱ ከአጥር ወዲያ ቆሞ ያያል። ልጃቸው «ይዘናቸው ከሄድን ለይቶ ማቆያ ነው የሚያስገቡን» ብሎ ፈርቷል። እስኪወሰን ድረስ ሁለት ሰዓት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ስትሮክ ነው። ኮሮና አይደለም። ሰፈሩ ግን በሹክሹክታ ኮሮና አደረገው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ የነበረበት ዓመት ነው። እድሩ ድንኳን አልጣለም። ስምንት ዓመት የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያለበሱ ሰው የተቀበሩት በጥቂት ሰው ነው። እኔ እየዞርኩ «ግፊት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» እያልኩ ብናገርም ማን ይሰማኛል። ደግሞም ኮሮና ቢሆንስ ኖሮ? በሽታው የሰውን ክብር ይቀንሳል እንዴ?

እንግዲህ የጋሼን ሞት የት ላይ ታስቀምጡታላችሁ? ከ7,500ዎቹ ውስጥ የሉበትም። ሊኖሩም አይገባም፤ ቫይረሱ አልነካቸውምና። ግን መጋቢት 2012 ባይመጣ ጋሼ ሐምሌን ያልፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ ወረርሽኙ በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው ብሏል። አገሮች በኮሮና ሞቱ ብለው ያስታወቁት ደግሞ ለተመሳሳይ ጊዜ 5.4 ሚሊዮን ነበር። በልዩነቱ ውስጥ ምርመራ ሳያገኙ በቫይረሱ የሞቱ አሉ። እንደ ጋሼ ሕክምናው ስለተዘጋባቸው ወይም ስለፈሩት የሞቱም አሉ። ስለዚህ የጽሑፉ ባለቤት ትንሽ ነው ያሉት ቁጥር የተቆጠረው ብቻ ነው።

ያኔ ማታ ማታ ሁላችንም የምንጠብቀው ነገር ነበር። ዶክተር ሊያ ታደሰ፣ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር፣ በየቀኑ ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተገኘበት፣ ይህን ያህል ሞተ ብለው ያወጣሉ። ማውጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። ሕዝብን አክብሮ በየቀኑ እውነቱን መንገር ብዙ ቦታ አይገኝም። እኔም ባለቤቴም እራት ሳንበላ ያንን ነበር የምናየው። በጊዜ ብዛት ግን ሁላችንም ከዚያ ቁጥር ውጪ የሆነ ሞት ሞት እንደማይመስለን ሆንን። ጉዳያችን ሁሉ ስለዚያ ቁጥር ሆነ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ ውሸት ነው፣ እውነት ነው። ካፌ ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ክርክሩ ይኸው ነው። ስለ ግፊት መድኃኒት የሚከራከር ሰው አላየሁም።

ከጋሼ በኋላ ደብተሬን ገልጬ ስልክ መደወል ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልመጡትን ሁሉ ለማግኘት ሞከርኩ። አንዳንዶቹ ሌላ ቦታ ገዝተው ነበር፤ ተመስገን አልኩ። አንዳንዶቹ ገጠር ወጥተዋል። ስድስቱ ጨርሰው አቋርጠዋል። ሁለት ስልክ ላይ ያነሱት ልጆቻቸው ናቸው፤ «ዐርፈዋል» አሉኝ። አንዷ ስኳር፣ አንዱ ልብ ነበሩ። ከቆላ ድባ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ሴት ልጇ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ፌኖባርቢታል ነው የምትወስደው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዋጋው ያኔ ከትራንስፖርቱ ያነሰ ነበር። መኪና በግማሽ ወንበር ብቻ እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። እናትየው አንድ ወር ዘለለች። ልጅቷ በዚያ ወር ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ ሳለ ጣላት። ግራ እጇ ተቃጠለ። ስደውል «እትዬ፣ አንቺ ነሽ? እኔ ኮ ረሳሽን ብዬ ነበር» አለችኝ። ይህችን ልጅ ኋላ እመለስባታለሁ።

ስለ ምርምሩም የማውቀውን ልናገር። የዓለም ሳይንስ ሲሠራ፣ ዜናው በማግስቱ እኔ ባንኮኒ ላይ ይደርሳል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሎሮኪንን በቴሌቪዥን ባወደሱ ሰሞን አሥር ሰው በአንድ ጠዋት ጠየቀኝ። የነበረኝ አንድ ጣሳ ነው። እኔ ጋ ክሎሮኪን የሚቀመጠው ቫይቫክስ ለሚባለው የወባ ዓይነት ነው። ከደምቢያም ከመተማም ወባ ይዞት ለሚመጣ ሰው ነው። ያለ ሐኪም ወረቀት አልሸጥም አልኩ። ተሰደብኩ። ግንቦት 28 ላይ በእንግሊዝ አገር የሚካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ትልቅ ጥናት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆስፒታል የተኙ የኮሮና ታማሚዎችን እንደማይጠቅም አስታወቀ። ሰው ግን ያን ዜና አልሰማም። አይጠቅምም የሚል ወሬ እግር የለውም።

ሰኔ 9 ደግሞ ያው ጥናት ሌላ ውጤት አወጣ። ዴክሳሜታዞን! በዕለቱ ስሰማ ዘወር ብዬ መደርደሪያዬን አየሁ። እዚያው ነው ያለው። ለአስም፣ ለአለርጂ ለዓመታት ስሸጠው የኖርኩት፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል መድኃኒት ነው። በመተንፈሻ ማሽን ከሚታገዙት ታማሚዎች ሞትን በሲሦ፣ ኦክስጅን ከሚያገኙት በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለድሃ አገር ከዚህ የተሻለ ዜና የለም። ውድ መድኃኒት ከውጭ እስኪመጣ ደጅ መጥናት የለብንም።

ያው ጥናት ግን ሌላም ነገር ተናግሯል። ኦክስጅን የማያስፈልገው ታማሚ ላይ ጥቅም አልታየም። ይህ ግማሽም ሳይነገር ቀረ። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ዴክሳ ስጪኝ ይላል። ቤት ውስጥ አዚትሮማይሲን ከሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ደባልቆ የሚውጠው በዛ። ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። የስኳር ደንበኞቼ ላይ ያየሁትን እኔ አውቀዋለሁ። አዚትሮማይሲንም ቢሆን በዚያው ጥናት ተፈትሾ እንደማይጠቅም ታውቋል። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ሳል በያዘው ቁጥር ‹ሦስቷን› ብሎ የሚጠይቅ አለ። ሦስቷን የአዚትሮማይሲን ክኒን ማለቱ ነው። እንዲህ ተለምዶ ቆይቶ፣ በእውነት ባክቴሪያ የያዘው ሕፃን ሲመጣ መድኃኒቱ እምቢ ይለዋል። ይህም የኮሮና ጠባሳ ነው፤ ከእኛ ጋር እየኖረ ያለ ጠባሳ።

ክትባቱ የመጣው ልክ በዓመቱ ነው። 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኒካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ቦሌ ደረሰ። መጋቢት 4 መሰጠት ተጀመረ። በዚያው ሳምንት አውሮፓ ውስጥ ብዙ አገሮች ደም ያረጋል በሚል ስጋት ያንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙት። የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን መጋቢት 9 ላይ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ቢናገርም፣ ወሬው ቀድሞ ገብቶ ቁጭ ብሏል። የአውሬው ምልክት ነው የሚልም ነበር፤ ያመክናል የሚልም ነበር። አንዲት ወጣት ግን ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ ለኤድስ ስንት ዓመት ተሞክሮ ያልተገኘ ክትባት ለዚህ እንዴት ባንድ ዓመት ተገኘ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ስድብ አልነበረም። መልስ ይገባዋል። እንዲህ አልኳት። ጠላ ትጠምቂያለሽ? እጠምቃለሁ አለች። ለእንግዳ ጠላ ስታቀርቢ እንግዳው የሚያየው ዛሬ የተጠለለውን ነው። ጥንስሱ ግን ቀደም ብሎ ተጥሏል። ይህን ክትባት የሠሩት የኦክስፎርድ ሰዎች ለሌላ የኮሮና ዘር፣ መርስ ለሚባለው፣ በዚሁ ዘዴ ክትባት ሲሠሩ ቆይተዋል። ቻይናውያን የቫይረሱን የዘር ቅደም ተከተል ጥር 2 ቀን 2012 ይፋ ሲያደርጉ ጥንስሱ ዝግጁ ነበር። ገንዘቡም ሰውም ባንድ ጊዜ ተሰበሰበ። ኤች አይ ቪ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ገብቶ መልኩን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር፣ ሌላ ጠባይ ያለው ነው። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ወዲያው አልተከተበችም። ሁለት ሳምንት አስባ ነው የተከተበችው። እኔ ያኔ የተማርኩት ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም የሚጠራጠረው። በቋንቋው ቁጭ ብሎ የሚነግረው ስላጣ ነው።

እውነት ለመናገር፣ እኛም የተከተብነው ሁለተኛውን ዶዝ ለማግኘት ብዙ ጠበቅን። ሕንድ በራሷ ወረርሽኝ ስትናጥ ክትባት ወደ ውጭ መላክ አቆመች። የእኛም ከዚያ ነበር የሚመጣው። «ይኸው ጀምረው ተዉን» የሚሉኝን ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳቸው?

አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ታወራን ነበር። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የገባው፣ ዓለምን የፈጀው ጉንፋን ነው። እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ‹ኅዳር ሲታጠን› ይባላል። ለምን እንደሚጨስ የማያውቅ ልጅ እንኳን ይጨሳል። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ሕዝቡ ሞቶቹን በጭስ ያስባቸዋል። የእኛዎቹ ግን ገና አምስት ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው «በቀላሉ አለፈ» ተባለላቸው።

ጎንደር ይህን ለማለት የመጨረሻዋ ከተማ መሆን ነበረባት። የዩኒቨርሲቲያችን ሥር ወረርሽኝ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያን ወባ ፈጅቷት፣ በዚያ መነሻ ነው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እዚህ የተከፈተው። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የጽዳት ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ እንዲወጡ ነው የሠለጠኑት። አባቴ ልጅ ሳለ ቤታቸው መጥተው ጉድጓዱን፣ ኩሬውን፣ አልጋውን ሁሉ እንዳዩ ይነግረን ነበር። በሽተኛውን በር ላይ ቆመው አልጠበቁም። በ2012 ግን የእኛ በሽተኞች ዘበኛ ፊት ቆመው ተመለሱ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛው ስለ መድኃኒቱ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ አንድ ደንበኛ አለኝ። ጓደኛዬ ስለሆነ ነው የነገረኝ። ያ ሁሉ ግርግር ሲሆን እሱ አልተጨነቀም። ከኮሮና በፊት ጀምሮ ደህና ለሆኑ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ይሰጣል። ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦለታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይሄዳል። ይህ አሠራር አገራችን ውስጥ፣ እዚሁ ጎንደር ውስጥ አለ፤ ሠርቷል። ታዲያ ግፊቱ ለተስተካከለ ሰው ለምን የአንድ ወር ብቻ? የሚጥል በሽታ ላለባት ልጅ ለምን የአንድ ወር ብቻ? ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ እሱ ይለያል፤ እሱንም ቢሆን በእንስራ ጥላ ሥር የሚያቆዩ ደንበኞች አሉኝ። ክኒን ግን ምን ቸገረው? ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደብተሬ ላይ ያው ክፍተት ይታያል። አሁን የኮሮና ግርግር የለም። ክፍተቱ ግን ያው ነው። ከገጠር የሚመጡት ይቀራሉ፤ ሲመለሱ ሦስት ወር ሳይውጡ ከርመው ነው። ወረቀት የሚጽፉ ሐኪሞች፣ መመሪያ የሚያወጡ ሰዎች ይህን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። የሦስት ወር፣ የስድስት ወር ጻፉላቸው። ስልካቸውንም ያዙ።

ሁለተኛው ስለ ቆጠራው ነው። የሞት ምዝገባ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ገና ልጅ ነው። አብዛኛው ሰው ሞቶ የሚጻፈው በእድር ደብተር ላይ ነው። ግን መቁጠር አይቻልም እንዳትሉኝ። ዳባት ላይ የዩኒቨርሲቲው የጥናት ማዕከል ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ የሚወለደውንም የሚሞተውንም ይመዘግባል። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ፣ ምን አመማቸው፣ በስንት ቀን፣ ምን መድኃኒት ወሰዱ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ የሚሠራውን ሥራ አከብራለሁ። በከተማችን ያሉ እድሮችም መዝገብ አላቸው። የ2012ንና የ2013ን መዝገብ አውጥቶ፣ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ ከቀደሙት ዓመታት ጋር አስተያይቶ የሚያይ ተማሪም ሆነ መምህር ቢኖር የእኔ ደብተር ለእሱ ክፍት ነው። የሰዎቹን ፈቃድ ከቤተሰቦቻቸው እየጠየቅኩ አብሬው እዞራለሁ። የጋሼን ልጆች ጠይቄያቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል።

ያቺ የቆላ ድባዋ ልጅ አድጋለች። የተቃጠለው እጇ ላይ ሁለቱ ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል፤ መጻፍ ግን በቀኟ ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ናት። ሐሙስ ዕለት ከእናቷ ጋር መጥታ ነበር። መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆይተዋል። ወረቀቱን ተቀበልኩና አየሁት። የሠላሳ ቀን ነው የተጻፈላት። ሠላሳ ቆጥሬ ሰጠኋት።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ድራጊስት፣ ከጎንደር አራዳ